የስትራት ምርጫ፦ ሞላ መቀየር፣ ቆርጦ ማሳጠር ወይስ ከባዶ መሥራት?

መኪናውን ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሴንቲ ይወርዳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም። ግን ሦስተኛ ላይ ነው መምጣት ያለበት። አንደኛው ጥያቄ «ሥራው ሲያልቅ ማን ይፈርምልኛል?» ነው። ሁለተኛው «ጎማው ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ የሚሄድበት ስንት ሚሊሜትር ይተርፈዋል?» ነው። እነዚህን ሁለቱን የመለሰ ሰው ምርጫው ከግማሽ በላይ አልቆለታል።

የማወዳድራቸው መንገዶች አምስት ናቸው። ሞላ ብቻ መቀየር፣ የስትራቱን ሆድ ዕቃ መቀየር፣ ሰነድ ያለው ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል ሙሉ ስትራት) መግዛት፣ ፋብሪካ የሠራውን ስትራት ቆርጦ ማሳጠር፣ ከባዶ መሥራት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ስትራት «የፊት ሾክ» ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው ስትራትን «የፊት ሾክ» ይለዋል። ለወሬ ችግር የለውም። ለሥራ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ተራ ሾክ አብዞርበር የሞላውን መዋዠቅ ብቻ ነው የሚገታው። ቢነቀል መኪናው እየዘለለ ይሄዳል እንጂ ጎማው ቦታውን አይለቅም። ስትራት ግን ጎማውን ቀጥ አድርጎ የያዘው ራሱ ነው። ከላይ ከመኪናው አካል ጋር፣ ከታች ደግሞ ጎማውና ፍሬኑ ከሚታሰሩበት ብረት፣ ከናክሉ ጋር ታስሯል። መሪ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ፍሬን ሲያዝ፣ ኩርባ ሲታጠፍ፣ ጉድጓድ ሲገባ የሚመጣው የጎን ጫና በሱ በኩል ያልፋል። የስትራት ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሚወፍረው ለዚህ ነው። የተራ ሾክ ዘንግ 11 ወይም 12 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃዋል።

አሠራሩ የአሜሪካዊው መሐንዲስ የኧርል ማክፈርሰን ነው። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1947 አመልክቶ በ1953 አገኘ። በ1950 ለሕዝብ የታዩት የእንግሊዝ ፎርድ ኮንሱልና ዜፊር ይህንኑ ይዘው ነው የመጡት። ሐሳቡ ቀላል ነው። የላይኛውን ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ፣ ጨርሶ አስቀርቶ ስትራቱ ራሱ የብራቾውን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ። ርካሽ ነው፣ ቦታም አይፈጅም። በዚያው ልክ ግን ስትራት ላይ የሚደረግ ብየዳ መሪ ላይ እንደተደረገ ብየዳ ይቆጠራል። መርማሪ መሐንዲስ የተቆረጠ ስትራት ሲያይ ፊቱን የሚያኮሳትረው በክፋት አይደለም።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እዩ። የእናንተ መኪና ስትራት ከናክሉ ጋር የተያያዘው እንዴት ነው? በድሮ መኪኖች፣ ለምሳሌ በዳትሰን 240ዜድ ወይም በቢኤምደብሊው ኢ30፣ ቱቦውና ናክሉ አንድ አካል ናቸው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ደግሞ ስትራቱ ናክሉን በሁለት ትልልቅ ብሎኖች ነው የሚይዘው። በኋለኞቹ የፎልክስቫገን ጎልፍ ትውልዶችና በመሰሎቻቸው ናክሉ ስትራቱን አቅፎ በአንድ ብሎን ይጠብቃል። በብሎን የሚፈታ ከሆነ ገበያ ላይ ብዙ ምርጫ አለላችሁ፣ የሚቆረጥበት ምክንያትም እምብዛም የለም። ቱቦውና ናክሉ አንድ አካል ከሆኑ ግን የብየዳው ነገር ይዋል ይደር እንጂ መነሳቱ አይቀርም።

መቁረጫ ከማንሳት በፊት ሒሳብ

በማክፈርሰን ሰስፔንሽን ላይ የጎማው ጉዞና የስትራቱ ጉዞ እኩል ለማለት ምንም አይቀራቸውም። ስለዚህ ሒሳቡ ማንንም አያስፈራም።

አንድ ስትራት ጠቅላላ ጉዞው 160 ሚሊሜትር ነው እንበል። መኪናው ቆሞ ሳለ 80 ወደ ላይ፣ 80 ወደ ታች አለው። ሞላውን ብቻ ለውጠን መኪናውን በ40 ብናወርደው የላይ ጉዞው 40 ይቀራል። ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ቪኤስቢ 14 የሚባለው የአውስትራሊያ የተሽከርካሪ ማሻሻያ ደንብ በሁለቱም አቅጣጫ ከመጀመሪያው ጉዞ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እንዲቀር ይጠይቃል። የ80 ሁለት ሦስተኛ 53 ነው። 40 ወደቀ። ይህን ልክ የምወደው አውስትራሊያ ስለሆነ አይደለም። የትም አገር ብትሆኑ የምቾትና የደህንነት ድንበሩ እዚያው አካባቢ ስለሆነ ነው። ከዚያ በታች ስትወርዱ መኪናው በሞላ ሳይሆን በመጋጫው ጎሚኒ ላይ መሄድ ይጀምራል።

አሁን ሞላውን ብቻ ከመቀየር ይልቅ የስትራቱን አካልም በ30 እናሳጥር። የላይ ጉዞው 80 ሲቀነስ 40 ሲደመር 30፣ ማለትም 70 ይሆናል። አጭሩ ቱቦ ውስጥ የሚገባው ካርትሪጅም (የስትራቱ ሆድ ዕቃ) አጭር ስለሆነ ጠቅላላ ጉዞው 130 ነው እንበል። የታች ጉዞው 60 ይሆናል። ሁለቱም ከ53 በላይ ናቸው። ስትራት የሚያጥረው ለዚህ እንጂ መኪናውን ለማውረድ አይደለም። መኪናውን የሚያወርደው ሞላው ነው። ማሳጠር የሚያደርገው ሞላው የወሰደውን ጉዞ መመለስ ነው። ይህን ያልገባው ሰው ሳያስፈልገው ይቆርጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። የመለስነው 30 ሚሊሜትር የላይ ጉዞ ጎማውን ፋብሪካው ወዳላሰበው ከፍታ ይወስደዋል። ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል? የግማሽ አክሱ መገጣጠሚያ ከሚታጠፍበት ልክ ያልፋል? ብራቾው ከሻንሲው ጋር ይጋጫል? መልሱ የሚገኘው ሞላውን አውጥቶ፣ ጎማውን በክሪክ እስከ መጨረሻው አንስቶ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ በማየት ነው። ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው፣ ግን የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው።

ሌላው ሒሳብ የሞላው ነው። አንድ የፊት ጎማ 300 ኪሎ ተሸክሟል እንበል። ይህ 3000 ኒውተን ገደማ ነው። ሞላው በየሚሊሜትሩ 50 ኒውተን የሚጠይቅ ጠንካራ ከሆነ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ 60 ሚሊሜትር ብቻ ተጨምቋል። የታች ጉዞው 60 ከሆነ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ልክ ሊላቀቅ አፋፍ ላይ ይደርሳል። 90 ከሆነ ይላቀቃል። የተላቀቀ ሞላ ሲመለስ መቀመጫውን ሊስት ይችላል። በጃፓን የሻኬን ምርመራ ላይ መኪናው ተነስቶ ሞላው የሚንቀዋለል ከሆነ አያልፍም። መፍትሔው ረዳት ሞላ መጨመር ነው። እሱም ካልሆነ የታች ጉዞውን መገደብ ነው።

ሞላ ብቻ መቀየር

እስከ 25 ወይም 30 ሚሊሜትር ለሚያወርድ ሰው ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልገውም። የታወቀ አምራች የሠራው፣ ለመኪናው ዓይነትና ለአክሱ ክብደት የተጻፈ ሰነድ ያለው ሞላ በቂ ነው። የፋብሪካው ሾክ ጤነኛ ከሆነ ይችለዋል። ካረጀ ግን አዲስ ሞላ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ሞላ መቁረጥ ወይም በእሳት ማሞቅ የሚባለውን መንገድ ከአማራጮቹ ውስጥ አልቆጠርኩትም። ጃፓን የተቆረጠ ሞላን በደንብ ከልክላለች። በሌሎችም አገሮች ቢሆን መርማሪ አይቶ የሚያልፈው ነገር አይደለም። ምክንያቱ ሁለት ነው። የሞላ ጥንካሬ ከሚሠሩት ጥምዞች ቁጥር ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ከስድስት ጥምዝ አንዱን ስትቆርጡ ሞላው በ20 በመቶ ይደድራል። የተቆረጠው ጫፍም መቀመጫው ላይ እንደ ፋብሪካው አይተኛም። እሳት ደግሞ ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ሞላን ለውበት ክሮም ማስነከርም እንደዚሁ መጥፎ ነው። በመንከሩ ጊዜ የሚገባው ሃይድሮጂን ጠንካራ ብረትን ተሰባሪ ያደርገዋል። ቀለም ይበቃል።

ሆድ ዕቃውን መቀየር

ቱቦው ላይኛው ጫፉ ላይ በዳዶ የሚዘጋ ከሆነ ውስጡን አውጥቶ የተሻለ ካርትሪጅ ማስገባት ይቻላል። ከሁሉም አማራጮች ይህን ነው በጣም የተናቀ የምለው። ቱቦው፣ ናክሉ፣ የፋብሪካው ብየዳ ሁሉም እንዳሉ ናቸው። ብዙ ጊዜ መርማሪው እንደ ተራ ጥገና ያየዋል። መጠኑ ትክክል መሆኑን የምታውቁት ዳዶው ሲጠብቅ ካርትሪጁን በትክክል ሲጫነው ነው። ካርትሪጁ ውስጥ ቢንቀዋለል ድምፅ ያወጣል፣ ቱቦውንም ይበላዋል። አጭር ከሆነ ከሥሩ በቶርኖ የተሠራ ማስገቢያ ይደረግለታል። በቱቦውና በካርትሪጁ መካከል ትንሽ ዘይት ጨምሩ፤ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው እሱ ነው።

ሰነድ ያለው ኮይልኦቨር

በብሎን የሚፈታ ስትራት ላለው ሰው ዋናው መንገድ ይህ ነው። ስትራቱ በሙሉ ተወግዶ፣ ከፍታው በጥርስ የሚስተካከል አዲስ ስትራት ይገባል። አምራቹ የድካም ሙከራውን፣ ማለትም ብረቱ ተደጋጋሚ ጫናን እስከ ምን እንደሚችል የሚያሳየውን፣ በማሽን ሠርቶታል። ጀርመን ውስጥ የመርማሪ ድርጅቶች የሚሠሩበት ቁጥር 751 የሚባል መመሪያ ይህንኑ ጥንካሬ እንዴት መመዘን እንዳለበት ይዘረዝራል። እናንተ ጋራዥ ውስጥ ልትሠሩት የማትችሉት ነገር ይሄ ነው። ኮይልኦቨር ውድ ነው ሲባል የሚረሳው የዚህ ሙከራ ዋጋ ነው።

ሰነዱን ግን አንብቡት። የሻንሲ ኮዱ የእናንተ ነው? የአክሱ የክብደት ልክ መኪናችሁ ደብተር ላይ ካለው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከፍታው ከስንት እስከ ስንት ተፈቅዷል? ጥርሱ ከሰነዱ በታች ድረስ ይወርዳል፣ ፈቃዱ ግን አይወርድም። ልኩ ብዙውን ጊዜ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው የሚወሰደው፤ ምክንያቱም የጎማ ለውጥ ወይም የአየር መጠን አያዛባውም። ሰፋ ያለ ቸርኬ ካደረጋችሁ ደግሞ ሰነዱ ስለሱም መናገር አለበት፤ ከሞላው መቀመጫ ጋር ሊተሻሽ ይችላልና።

አንድ የማይወራ ጉድለት አለው። የፋብሪካ ስትራት ላይ ሞላውና ዘንጉ አንድ መስመር ላይ እንዳልሆኑ አይታችሁ ይሆናል። ሞላው ወደ ውጭ ዘንበል ያለው በስህተት አይደለም። ዘንጉን ከሚያጎብጠው የጎን ጫና የተወሰነውን እንዲያጣፋ ነው። የውስጥ ስፋቱ 60 ወይም 63.5 ሚሊሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ሞላ የሚገባበት ኮይልኦቨር ይህን ጥቅም ያጣል። ዘንጉ ቡሹን ይበልጥ ይፈትጋል፣ ትንንሽ ጉብታዎችም ይበልጥ ይሰማሉ። ዘይት ያለበት ወፍራም ቱቦ ራሱ ተገልብጦ እንደ ዘንግ የሚንሸራተትበት አሠራር አለ። መጎበጥን በጣም ይቋቋማል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው።

ቆርጦ ማሳጠር

እዚህ ስንደርስ ቀልድ የለም።

መጀመሪያ ስለ ሕይወታችሁ። ዘይትና ጋዝ ያለበት ስትራት አይቆረጥም፣ አይበየድም። ባለ አንድ ቱቦ ሾክ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ብዙውን ጊዜ ከ20 ባር በላይ ነው። ሲሞቅ ይፈነዳል። የሚቆረጠው ካርትሪጁ ሙሉ በሙሉ የሚወጣለትና ዘይቱ ተጠርጎ የተጸዳ ቱቦ ብቻ ነው። ታሽጎ የመጣ ስትራት ከሆነ ይህ አማራጭ ለእናንተ የለም። የዚንክ ሽፋን ካለም ከብየዳው አካባቢ ፍቁት፣ ጭሱ መርዝ ነው።

የት ይቆረጥ? ከናክሉ ጋር ካለው ብየዳ ርቆ፣ ከላይኛው ጥርስም ርቆ፣ ቱቦው ላይ። ናክሉን ራሱን መበየድ አይታሰብም። ብዙዎቹ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ወይም ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ሁለቱም የብየዳ ሙቀት ሲነካቸው ዙሪያው ተሰባሪ ሊሆን ይችላል። የመሪ ክንድን አሙቆ ማጠፍም በዚሁ ምክንያት የሚፈርምበት መሐንዲስ አታገኙም።

ሁለት ቱቦ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም ብዙ ሰው ከውስጥ ማጠናከሪያ ማስገባት ይፈልጋል። ስትራት ላይ አይሆንም፤ ውስጡ የካርትሪጁ ቦታ ነው። ስለዚህ ማጠናከሪያው ከውጭ የሚለበስ እጀታ፣ ማለትም ሰፋ ያለ አጭር ቱቦ፣ ነው። የእጀታው ጫፍ ቀጥ ብሎ ከሚቆረጥ ማዕበል መስሎ ቢቆረጥ ይሻላል። ያኔ የብየዳው ሙቀት በአንድ ቀለበት ላይ አይሰበሰብም። ቱቦው ራሱም ጠርዙ ተሞርዶ፣ ብየዳው እስከ ውስጥ ድረስ ዘልቆ መግባት አለበት። ከላይ ብቻ የተለጠፈ ብየዳ ለዓይን ያምራል፣ ጉልበት ግን የለውም።

ቲግ፣ በተለምዶ አርጎን የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው። ዝግ ያለ ስለሆነ በያጁ የሚያቀልጠውን እያየ ይሠራል። ሚግም ጎበዝ በያጅ እጅ ላይ ይሆናል፤ ችግሩ ሳይዘልቅ ዘልቆ መምሰሉ ነው። የተለመደው ኤሌክትሮድ ግን ለዚህ አይሆንም ባይ ነኝ። መጀመሪያ በአራት ቦታ ትይዩ ይነካል፣ ቀጥ ማለቱ ይለካል፣ ከዚያ እየተቀያየረ ይሞላል። ውሃ ውስጥ መክተት ፈጽሞ አይቻልም፤ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና ቀላል ነው። ካርትሪጁ በእጅ ብቻ፣ ያለ መዶሻ፣ እስከ ታች ይገባል? ከያዘው ቱቦው ጎብጧል ወይም ብየዳው ወደ ውስጥ ወጥቷል። የጎበጠ ቱቦ ውስጥ የገባ ካርትሪጅ ዕድሜ አይኖረውም። የግራና የቀኙም እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ አላይመንት ላይ ካምበሩ (የጎማው ወደ ጎን መዝመም) ያጋልጣችኋል።

ለሞላው መቀመጫ ብዙዎች ጥርስ ያለው የአሉሚኒየም እጀታ ያለብሳሉ። አሉሚኒየም ከብረት ጋር አይበየድም። ስለዚህ እጀታው የሚያርፍበት የብረት ቀለበት ቱቦው ላይ ይበየዳል። የመኪናው ጥግ ሙሉ ክብደት፣ ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ የዚያ ብዙ እጥፍ፣ በዚያች ቀለበት ብየዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ቱቦው መጋጠሚያ ነው፤ እኔ ቀለበቷን ነው ቀድሜ የማያት።

ከባዶ መሥራት

ይህ መንገድ ለሦስት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛ፣ ለመኪናው ምንም የተዘጋጀ ዕቃ ገበያ ላይ ለሌለው። ሁለተኛ፣ ከሌላ መኪና ናክልና ፍሬን ላመጣ። ሦስተኛ፣ ለውድድር ለሚሠራ። ከነዚህ ውጭ ያለ ሰው «በርካሽ እሠራዋለሁ» ብሎ ከገባ ይቆጨዋል። ቱቦው ራሱ ርካሽ ነው። ገንዘቡን የሚበላው ቶርኖውና ወረቀቱ ነው።

ከቆርጦ ማሳጠር የሚሻልበት ነገር ግን አለ። አሮጌ ቱቦ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ በእርግጠኝነት አታውቁም። ውስጡ ዝጎም ሊሆን ይችላል። አዲስ ቱቦ ከነሰነዱ ይገዛል። ኢ355 የሚባለው፣ ያለ ስፌት የተሳበ ተራ ብረት፣ ለመበየድ ቀላል ነው፣ ቢጨነቅም ቀድሞ ይጎብጣል እንጂ ድንገት አይሰበርም። 4130 ክሮሞሊ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ግን በያጁ ካላወቀበት ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ደርቆ ይሰነጠቃል። ለመንገድ መኪና ኢ355ን እመርጣለሁ። ጥቂት ግራም ለመቆጠብ ብሎ አደጋ መግዛት አይገባኝም።

የታችኛውን ማያያዣ ግን ከተቻለ አትሥሩት። ከናክሉ ጋር በብሎን ከሚገጥም የፋብሪካ ስትራት ላይ ማያያዣውን መውሰድ ወይም በቶርኖና በፍሬዛ ከአንድ ድፍን ብረት ማስወጣት ይሻላል። ከላሜራ ታጥፎ የተበየደ ማያያዣ በብየዳው ጠርዝ ነው ስንጥቅ የሚጀምረው። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከናክሉ ጋር ልክ ካልሆኑ ደግሞ ብሎኑ በጎን ጫና ይሠራል፣ ቀስ እያለም ይላላል።

ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ስትራቱ አናት ላይ ማስገቢያ ነው የሚያደርገው። ብየዳ የለውም። ነገር ግን ሰውየው የላይኛውን እንጂ የታችኛውን ጉዞ አያሰላም፤ ጎማው ሲንጠለጠል ቴስቲናውና የግማሽ አክሱ መጋጠሚያ መጨረሻቸው ላይ ይደርሳሉ። የብሬክ ቱቦው ርዝመት መብቃቱንም እዩ።

ፊርማው

አገሮች በዚህ ላይ የሚለያዩት በጥብቅነት ብቻ አይደለም። የሚጠይቁበት ጊዜም ይለያያል።

ጀርመን ቀድማ ትጠይቃለች። በዚያ የመንገድ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት ሌላውን መንገደኛ አደጋ ላይ ይጥላል ተብሎ የሚጠበቅ ለውጥ ከተደረገ የመኪናው የመንቀሳቀስ ፈቃድ በራሱ ጊዜ ይቋረጣል። ሦስት በሮች አሉ። ኤቢኢ የሚባለው ሰነድ ከዕቃው ጋር ይመጣና በውስጡ ያሉት ሁኔታዎች ከተሟሉ ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ታይልጉትአኽተን ደግሞ ዕቃው ከተገጠመ በኋላ እንደ ቱፍ ወይም ዴክራ ያለ ድርጅት አይቶ እንዲያጸድቅ ይጠይቃል። ሁለቱም ለሌለው፣ በራስ ለተሠራ ስትራት፣ የአንቀጽ 21 የግል ማጽደቅ ነው የሚቀረው። መሐንዲሱ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ኒውዚላንድ ለአነስተኛ ተሽከርካሪዎች ማሻሻያ የተፈቀደለት መርማሪ ታሰማራለች። ካጸደቀ መኪናው ላይ የብረት ሰሌዳ ይለጠፋል። አውስትራሊያ ውስጥ ቪኤስቢ 14 ቀላሉን ሥራ ያለ ፊርማ ያሳልፍና ከልክ ሲያልፍ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ይጠይቃል። ብሪታንያ መኪና ዝቅ ለማድረግ ቀድማ ፈቃድ አትጠይቅም፤ ዓመታዊው ምርመራ የሚያየው ያለበትን ሁኔታ ነው። ይህ ነፃነት ይመስላል። የመድን ድርጅቱ ሳያውቅ የተለወጠ መኪና አደጋ ሲያደርስ ግን ነፃነቱ የት እንዳለ ይጠፋባችኋል። ጃፓን ደግሞ ከመሬት 9 ሴንቲሜትር ክፍተት ትለካለች።

እናንተ ያላችሁበት አገር ደንብ ምንም ይሁን፣ የተበየደ ስትራት ይዞ የሚቀርብ ሰው የሚጠየቀው ሊገመት ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሱን ከመቁረጣችሁ በፊት አግኙት። ሥራው አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ ሲመጣ ምን ዓይቶ ይፈርም? ንድፉን በወረቀት ከነልኩ ይዛችሁ ሂዱ። የቱቦውን የምርት ሰነድ፣ በአውሮፓ አጠራር ኢኤን 10204 ቁጥር 3.1 የሚባለውን፣ ከሻጩ ጠይቁ። የበያጁ ብቃት ማረጋገጫ፣ ለምሳሌ አይኤስኦ 9606፣ ካለ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። ብየዳው ከመቀባቱ በፊት ስንጥቅ ውስጥ ዘልቆ በሚገባ ቀለም ወይም በማግኔት የስንጥቅ ምርመራ ይደረግለት። በየደረጃው ፎቶ ይነሳ፤ በተለይ የተሞረደው ጠርዝ ከመሞላቱ በፊት። መሐንዲሱ «አይሆንም» ካለ ያኔ ነው መስማት የሚሻለው፣ ሦስት ሳምንት ከደከማችሁ በኋላ አይደለም።

የውድድር ፈቃድ የመንገድ ፈቃድ አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። «ራሊ ላይ ይሠራል» የሚለው ክርክር መርማሪውን አያንቀሳቅሰውም፤ የውድድር ስትራት ከየውድድሩ በኋላ ይፈታል፣ ይመረመራል። የእናንተው ሳይፈታ ዓመታት ሊቆይ ነው።

ታዲያ የቱን?

በብሎን የሚፈታ ስትራት ካላችሁና ከ30 ሚሊሜትር በታች የምታወርዱ ከሆነ፣ ሞላ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰነድ ያለው ኮይልኦቨር። የሁለተኛ እጅ ኮይልኦቨር ሰነዱ ከጠፋ ዋጋው ቢረክስም አልገዛውም፤ የገዛሁት ዕቃውን ሳይሆን ወረቀቱን ነውና። ቱቦውና ናክሉ አንድ የሆነ የድሮ መኪና ከሆነ በካርትሪጅ ጀምሩ። የላይ ጉዞው ከሁለት ሦስተኛ በታች ሲወርድ ብቻ ወደ ማሳጠር እለፉ። ያንንም የሚፈርም መሐንዲስ ካገኛችሁ ነው። ካላገኛችሁ መኪናውን 10 ሚሊሜትር ከፍ አድርጋችሁ መኖር ይቻላል።

ከባዶ መሥራትን የምመክረው ናክል ለሚቀይር ሰው ነው። እሱም አዲሱን ስትራት ናክሉን ከመቀየሩ ጋር አንድ ላይ ያስፈቅድ። ሁለት ጊዜ መቅረብ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ከተገጠመ በኋላ የሚቀር ሥራ አለ። የብራቾዎቹ ጎሚኒዎች የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። አላይመንቱ ይሠራ። መኪናው ሲወርድ የብራቾውና የመሪው ዘንግ ማዕዘን ስለሚለወጥ ጉብታ ላይ መሪው ወደ ጎን ሊጎትት ይችላል፤ ቶ የሚባለው ልክ (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) ቆሞ ብቻ ሳይሆን ከፍና ዝቅ ተደርጎም ይታይ። የፊት መብራት ደግሞ ይስተካከል። ካሜራና ራዳር ያላቸው አዳዲስ መኪኖች ከከፍታ ለውጥ በኋላ እንደገና መለካት ይፈልጋሉ። ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ በቶርክ ቁልፍ ይረጋገጡ፣ ብየዳዎቹም ተጸድተው በመብራት ይታዩ። ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የመለሰላችሁን ደብዳቤ ከመሐንዲሱ ወረቀት ጋር አያይዛችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡት።